ባንድ ዓይን የተሣለችው እታለማሁ

ሠዓሊው ቢሻው እታለማሁን ለማግባት ማሰቡን እንጅባራ ውስጥ ከሁሉ ሰው ዘግይቶ የሰማው ራሱ ቢሻው ነው ይባላል። ሌላው ሁሉ ቀድሞት ያውቅ ነበር። ጌሾ የምትሸጠው ደጊቱ ታውቅ ነበር፤ ሾፌሩ ሀብቱ ያውቅ ነበር፤ በእታለማሁ ጠጅ ቤት ደጃፍ የሚታሰሩት ፈረሶች እንኳ ሳያውቁ አልቀሩም፤ ሰውዬው በዚያ በኩል ሲያልፍ እርምጃው እያጠረ ስለሚሄድ ዘወር ብለው ቦታ ይለቁለት ነበር።

ቢሻው የተወለደው ከዘንገና ሐይቅ አፋፍ፣ ጠዋት በሩን የሚከፍት ሰው ከጉሙ ሥር ውሃው ይኑር አይኑር እርግጠኛ በማይሆንበት ሰፈር ነው። ሲያልምና ሲናደድ በአውንጊ ነው፤ ሲገበያይ በአማርኛ። ሥዕል ያስተማረው አጎቱ ሲሆን፣ በየደብሩ እየዞረ መላእክትና ሰማዕታት ሲሥል የኖረ ሰው ነበር። ከአጎቱ የወረሰው ሕግ አጭር ነው። ደግ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ከሃዲ፣ ጨካኝ፣ ሰይጣንና የሰይጣን ዘመድ ግን በጎን ይሣላሉ፤ አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። ይህን ለማወቅ ሠዓሊ መሆን አያስፈልግም። ቅዳሴው ሲረዝምበት በግድግዳው ላይ ያሉትን ባለ አንድ ዓይኖች እየቆጠረ ያደገ ሕዝብ ነው። ከሕጉ ነጻ የሆነው ፈረስ ብቻ ነው። ፈረስ በጎን ቢሣል ማንም አይከፋውም፤ በአዊ ምድር ፈረስን የሚጠረጥር ሰው ገና አልተወለደም።

ቢሻው ዕድሜው ወደ አርባ ሲጠጋ አብያተ ክርስቲያናቱ ከባሕር ማዶ የታተመ የወረቀት ሥዕል መስቀል ጀመሩ። የወረቀቶቹ ቅዱሳን ጉንጫቸው ቀላ ያለ ነው፤ ርካሽ ናቸው፤ ምሳ አይበሉም። ቢሻው ሥራ ፈታ። ሥራ ሲፈታ የሚቀመጥበት ፈለገና እታለማሁ ቤት፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው መደብ ላይ ተቀመጠ።

እታለማሁ ከጥሊሊ ባሏን ፈትታ የመጣች ሴት ናት። ለምን እንደፈታችው አልተናገረችም። እሷ ስላልተናገረች ከተማው ሊናገርላት ግድ ሆነ። አንድ ሰሞን ባሏ ሰካራም ነበር ተባለ፤ ሌላ ሰሞን እሷ ናት የውሽማ ያለህ የምትል ተባለ፤ ዝናቡ በርትቶ ሰው ከቤት መውጣት ሲያቅተው ደግሞ መርዛው ነው የመጣች እስከ መባል ደረሰች፤ የተመረዘው ባል ግን በየገበያው በሬ ሲሸጥ ይታይ ነበር። እሷ ሻሿን በግራ በኩል ዝቅ አድርጋ አስራ ጠጇን ትቀዳለች እንጂ መልስ አትሰጥም።

ሐሜቱን ያበረደላት ሙዚቃ ነው። ጊዜው ስድሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው፤ የአዲስ አበባ ዘፋኞች በትንንሽ ሸክላ መውጣት የጀመሩበት ሰሞን። ሀብቱ በካሚዮኑ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ማጫወቻ ጭኖ አመጣላት፤ ከሷም ጋር ጥቂት ሸክላዎች። ሲያወራ የሚውለው ሰው አፉን ዘግቶ መስማት ጀመረ። በእንጅባራ ታሪክ እንዲህ ያለ ዝምታ ተሰምቶ አያውቅም።

ችግሩ የሸክላዎቹ ልብስ ነበር። ልብስ የሚለው ከተማው ነው፤ ሽፋን ሲባል መጽሐፍ ይመስለው ነበርና። የሚመጡት መሐሉ የተበሳ ስስ ወረቀት ለብሰው ነው። ያን ወረቀት የእንጅባራ እርጥበት ያሟሟዋል፤ ከእርጥበት የተረፈውን አይጥ ይጨርሰዋል፤ ሙጫው የዱቄት ነዋ። እታለማሁ ደግሞ ማንበብ አትችልም፤ ሸክላዎቹን የምትለያቸው በልብሳቸው ነበር። ጠጅ የፈሰሰበት የሠርግ ዘፈን ነው፤ ጥጉ የተቀደደው የናፍቆት ነው፤ እንዲህ እያለች። ልብሳቸው ሲያልቅ ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ክብ ሆነው ቀሩ። አንድ ቀን የመሬት ክርክር የረቱ የአዲስ ቅዳም ሰዎች ደስ ብሏቸው መጥተው ጭፈራ ቢያዟት የሙት እንጉርጉሮ ለቀቀችባቸው። ሰዎቹ ይግባኝ የተጠየቀባቸው መስሏቸው ብርሌያቸውን አስቀመጡ።

ቢሻው መደቡ ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ አየ። ሸክላዎቹን እኔ አለብስልሻለሁ አላት። ከነገሩ ይልቅ መናገሩ ነው ቤቱን ያስገረመው።

የሳሙና ካርቶን ቆረጠ፤ አጠፈ፤ ሁለቱን ጎን ለጥፎ አንዱን አፍ አድርጎ ተወው። ለሙጫው ከዱቄቱ ጋር ኮሶ ቀላቀለበት። አይጦቹ አንድ ጊዜ ቀምሰው ሄዱ፤ ከነትላቸው ይሁን ከትላቸው ተገላግለው የሚያውቅ የለም። በካርቶኑ ላይ የሚሣለውን ለማወቅ ደግሞ ዘፈኑን መስማት ነበረበት። ጠዋት፣ ጠጪ ሳይመጣ፣ መደቡ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ይጨፍናል። እታለማሁ መርፌዋን ታወርዳለች። ሸክላው መጀመሪያ እንደ ሩቅ ዝናብ ይንሿሿል፤ ከዝናቡ ውስጥ ድምፅ ይወጣል፤ ከድምፁ ውስጥ አገር።

ቢሻው ቃሉን ብዙም አይሰማም ነበር፤ ከቃሉ ኋላ ያለውን ነው የሚያየው። በአንዱ ዘፈን ውስጥ ሐይቅ አየ፤ በሐይቁ ላይ የተዘረጋ ጃንጥላ ይንሳፈፋል፤ ከጃንጥላው ሥር ማንም የለም፤ ግን ሰው ገና አሁን የተነሣበት ያህል ጥላው ይሞቃል። በሌላው የገብስ ማሳ አየ፤ ነፋስ ሳይኖር ገብሱ ይተኛል፣ ይነሣል፣ እንቅልፍ እንደ ወሰደው ሰው ደረት። በሌላው ነጭ ፈረስ ጉም ሲግጥ አየ፤ ፈረሱ በጋጠ ቁጥር ከበስተኋላው ከተማ እየጠራ ይመጣል፣ ጣሪያ፣ ከዚያ በር፣ ከዚያ በሩ ላይ የቆመ ሰው። ድገሚልኝ ይላታል ዓይኑን ሳይገልጥ። ትደግምለታለች። ሲበቃው ሳይሰናበት ወጥቶ ይሄዳል፤ የሚሄደው እግሩ ብቻ ነው፤ የቀረው ገና ከገብሱ ውስጥ አልወጣም።

ሥዕሎቹ ደርቀው ሲደረደሩ እንጅባራ ዘፈን በስሙ ማዘዝ ተወ። ባለ ጃንጥላውን አምጪው፣ እስቲ ጉም በላውን፣ ሆነ ንግግሩ። ከሰል ሸጠው የሚመለሱ ሰዎች ልብሶቹን ለማየት ብቻ ይገቡና ለይሉኝታ አንድ ብርሌ ይጠጣሉ። በዘፈኑ ውስጥ የከዳ ወዳጅ ካለ ቢሻው በሕጉ መሠረት በጎን ያስቀምጠዋል፤ ከተማውም ያ ባለ አንድ ዓይን ማን እንደሆነ መፈለግ ሥራዬ ብሎ ያዘ። ደጊቱ የአንዱ አፍንጫ የምራቴ ነው ብላ ማለች። ምራቷ አፍንጫው የደጊቱ የራሷ ነው አለች። ቢሻው ከአህያ ነበር የወሰደው።

በመስከረም ሀብቱ አንድ ሸክላ ልብሱ መንገድ ላይ ቀርቶበት ራቁቱን ይዞ መጣ። የምትጠብቅ ሴት ዘፈን ነው፤ የምትጠብቀውን ግን አትናገርም። ክራሩ ቁልቁለት ይወርዳል፤ ጡሩምባው እየዘገየ ከኋላው ይከተለዋል። እታለማሁ ይህን ለጠጪ አልከፈተችውም። ቤቱ ባዶ ሲሆን ታስጀምረውና መስኮቱ አጠገብ ቆማ ወደ ዳንግላ የሚወስደውን መንገድ ታያለች። ቢሻው እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፈነ። ምንም አላየም። ሐይቅ የለም፤ ፈረስ የለም፤ ጉም እንኳ የለም። ግራ ገብቶት ዓይኑን ገለጠ። ዘፈኑ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ነበር።

ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እሱም ያን ጠዋት አወቀ። ሽማግሌ ሊልክባት ወሰነ፤ ሽማግሌው የነፍስ አባቱ መምሬ ክንዴ ይሆናሉ። ከሽማግሌው በፊት ግን ሥዕሉ ይሄዳል። በአፉ የማይወጣለትን ሁሉ ሥዕሉ ይነግርለታል።

በሁለት ዓይኗ ሊሥላት ጀመረ። የወጣችው ቅድስት ናት። ካርቶን ለውጦ ሞከረ፤ ሌላ ቅድስት መጣች። ሀብቱ በመስኮት ብቅ ብሎ ሥዕሉን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። አጎቱ ያስተማረው ፊት ለፊት ያለ ፊት አንድ ብቻ ነበር፤ ክብ ግንባር፣ ሰፋፊ ዓይን፣ ትንሽ አፍ፤ የማንንም ስም ብትጽፍበት የሚሆን። ቢሻውን ላብ ያሰመጠው ግን ሌላ ነው፤ እታለማሁን ፊት ለፊት አይቷት አያውቅም። ዓይን አፋር ነው፤ ፊቷን ስታዞርበት እሱ የሚያየው ብርሌውን ነው። የሚያውቃት በመስኮቱ ብርሃን፣ በቀኝ ጎኗ ነው፤ ከሹሩባዋ ያመለጠች አንዲት ጸጉር፣ የአንገቷ ንቅሳት፣ መንገዱን አንድ ነገር የሚጠይቅ የሚመስል አገጭ።

እጁ ያወቀውን ሣለ። ሲጨርስ ካርቶኑ ላይ ያለችው እሷ ነበረች፤ ልትተነፍስ ምንም አልቀራት። ቢሻውን ደስታው አሰከረው፤ ሕጉ ጨርሶ ትዝ አላለውም። ሕጉን ከወተት ጋር የጠጣ ሰው እንዴት ይረሳዋል ብለው እስከ ዛሬ የሚከራከሩ አሉ።

በገበያ ቀን ጠዋት ሸክላውን አልብሶ ከሌሎቹ ጋር ደረደረውና ወጣ። ምላሹን እዚያው ሆኖ ለመጠበቅ ድፍረት አልነበረውም። ቀድማ ያየችው ጌሾዋን ይዛ የገባችው ደጊቱ ናት።

«እታለም» አለቻት ድምፅዋን ቀንሳ፣ ግን ቤቱ ሁሉ በሚሰማው ልክ ቀንሳ፣ «ይሄን ሰውዬ ምን አድርገሽው ነው ባንድ ዓይን የሣለሽ?»

ሥዕሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሞቶ የነበረው የጥሊሊ መርዝ ከመቃብሩ ተነሣ። ሠዓሊ ያየውን ነው የሚሥል፤ የሆነ ነገር ባያውቅባት ኖሮ ከከሃዲዎች ጋር ባልደባለቃት ነበር ተባለ። እታለማሁ ተቀብላ አየችው። ራሷ ናት። የጎዳትም መምሰሉ ነው፤ ባትመስል ኖሮ ስቃ ታልፈው ነበር። ሥዕሉን ከሳጥኗ ከተተችው። ከሰዓት በኋላ ቢሻው ሲመጣ ጠጁን ቀዳችለት፤ እንዴት ዋልህ ግን አላለችውም። ማጫወቻዋም ዝም አለች፤ ቤቱ ተመልሶ የሐሜት ቤት ሆነ፤ አሁን ግን የምትታማው እዚያው ፊቷ ነው።

ቢሻው የሆነውን ከሀብቱ ሲሰማ መምሬ ክንዴ ዘንድ ሮጠ። ነገሩን ቀድመው ሰምተውታል፤ ከእሳቸው ቀድሞ የሚሰማ በከተማው የለም።

«አንተ ልጅ፣ ሴቲቱን ከኩነኔ ጎራ አሰልፈህ ስታበቃ እኔን ሽማግሌ ሁኑኝ ትላለህ?» አሉት።

«ስለወደድኋት ነው እኮ መምሬ።»

«ይሁዳንም በጎን ነው የሚሥሉት፤ ስለሚወዱት ነው? ሂድና ዓይኗን መልስላት። ሁለቱንም ዓይኗን ሳላይ ደጇን አልረግጥም።»

ቢሻው ቤቱ ገብቶ ጎኗን በሌላ ካርቶን ላይ ደግሞ ሣለና ሁለተኛ ዓይን ሊጨምርላት ሞከረ። ከጆሮዋ አጠገብ አበቀለው፤ ዓሣ ሆነች። ካርቶኑን ምድጃ ከተተውና ወደ ዘንገና ወጣ። ጉሙ አፋፉ ድረስ ሞልቶ ነበር። እግሩ የሚያውቀውን ቀጭን መንገድ ይዞ ውሃውን ሳያይ በውሃው ዙሪያ ሄደ፤ ሄደ። ዛፎቹ ሲደርስባቸው ዛፍ ይሆናሉ፤ ሲያልፋቸው ይተዋሉ። ከማዶ ፈረስ ውሃ ሲጠጣ ይሰማል፤ ረጅም፣ ቀዝቃዛ፣ የማያልቅ መጠጣት፤ ሐይቁ በሙሉ ወደዚያ የሚሄድ እስኪመስል። ፈረሱ አይታይም። ቢሻው ቆሞ ብዙ አዳመጠ። ፈረሱ ስላልታየው የለም ብሎ አንድም ጊዜ አላሰበም። ይህን ልብ ሲል እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ጉሙም ለረጅም ጊዜ እሱን ደብቆ አስቀመጠው።

በማግስቱ ጠዋት ጠጅ ቤቱ ባዶ ሳለ ገባ። መደቡ ላይ አልተቀመጠም። እታለማሁ ብርሌ ታጥባለች።

«ዛሬ ደግሞ በምን ልታሳጣኝ መጣህ አያ ቢሻው?»

«ፊት ለፊት ስሥልሽ ሌላ ሰው ትሆኛለሽ» አለ ወለሉን እያየ። «እኔ የማውቅሽ በዚህ በኩል ነው። ከመደቡ በኩል።»

«ሌላው ዓይኔስ? ጓጉጠህ አወጣኸው?»

«አለ። ወዲያ ሆኖ መንገዱን ያያል። እኔ ከተቀመጥሁበት አይታይም እንጂ አለ።»

እጇን በቀሚሷ አደረቀች። ሳጥኗን ከፍታ ሥዕሉን አወጣችና ወደ ብርሃኑ ያዘችው። ብዙ አየችው፤ በገበያው ቀን እንዳየችው አይደለም። ከዚያ ገለበጠችው። ጀርባው ያልተነካ የሳሙና ካርቶን ነው፤ ከመሐል የተቆረጡ ፊደሎች አሉበት። አውራ ጣቷን አሳለፈችበት።

«ይሄኛው ጎን ባዶ ነው» አለች።

ባዶ ነው አላት።

«እንግዲያ ያን መደብ ተወውና ወዲህ ማዶ ተቀመጥ።»

ከመስኮቱ በሌላኛው ጎን ያለው በርጩማ ጣሪያው ስለሚያፈስበት ማንም የማይቀመጥበት ነው። ቢሻው ቀለሙን አምጥቶ ተቀመጠበት፤ ጠብታው አንገቱ ላይ ያርፋል። እታለማሁ ያን ዘፈን አስጀመረችና ቦታዋ ላይ ቆመች። ከዚህ በኩል ሌላ ሴት ናት፤ ያችው ሴትም ናት። አገጩ ያው ነው፤ ብርሃኑ ግን ከወዲያ ነው የሚመጣው፤ ፊቷ ገና ከሕልም ያልወጣ ሰው ይመስላል። ክራሩ ቁልቁለቱን ወረደ። ጡሩምባው ደረሰበት። ቢሻው አፍንጫዋን፣ ከንፈሯን፣ ንቅሳቷን ሣለና ከሻሿ ጠርዝ ሲደርስ ቆመ። እሷ መንገዱን እያየች ሻሿን ወደ ኋላ ገፋችው። ከግራ ቅንድቧ እስከ ጸጉሯ የሚሄድ ጠባሳ ነበር፤ አሮጌ፣ ሰፊ፣ ዱላ የሠራው።

የቢሻው ብሩሽ አየር ላይ ቀረ።

«እሱንም ሣለው» አለች።

ሣለው። ዘፈኑ አልቆ መርፌዋ በመጨረሻው ቀለበት ላይ እየዞረች እንደ ትንፋሽ ታሰማለች፤ የሚያነሣት አልነበረም። ሲጨርስ ጨርሻለሁ አላላትም፤ ግን ዞረችበት። በእጁ የሚያየው ብርሌ አልነበረም። ስለዚህ አያት።

ሥዕሉ ሲደርቅ ተመልሶ ከሌሎቹ ጋር ተደረደረ፤ ደጊቱም ገለበጠችው። አሁን በሁለቱም በኩል ባለ አንድ ዓይን ሆነች፤ ሲሄዱም ሲመጡም ኩነኔ ነው ማለት ጀምራ ነበር፤ ጠባሳውን ስታይ ግን አፏ ላይ ያለው ቃል ቀዘቀዘ። የዚያን ቀን ደጊቱ ጌሾዋን ሳትሸጥ ሄደች ይባላል። መምሬ ክንዴ የእታለማሁን ደጅ ስለማይረግጡ ሀብቱ ሥዕሉን ቤተ ክርስቲያን ድረስ ወሰደላቸው። አዩ፤ ገለበጡ፤ እንደገና አዩ። አንዲት እዚህ፣ አንዲት እዚያ አሉ፤ ሁለት አንድ ዓይን ግን ሁለት ዓይን መሆኑን ማን ይፈርዳል? ከዚያ ሸክላው የሚገባበትን የልብሱን አፍ በጣታቸው ከፈት አደረጉና ወደ ፊታቸው አቀኑት። ሁለቱም ፊቶች ወደዚያው ጠርዝ ነበር የሚያዩት። ካርቶኑ ሲነፋ አፍንጫ ከአፍንጫ ገጠመ፤ ወዲህ አንድ ዓይን፣ ወዲያ አንድ ዓይን፣ መካከላቸው ጨለማ፣ ከጨለማው ውስጥ የጥቁር ሸክላ ጠርዝ።

«ሁለት ናቸው» አሉ መምሬ ክንዴ። ጣታቸውን ጠባሳው ላይ አድርገው፣ «አንዱ የተመታ ነው» አሉ። ጥምጥማቸውን አስተካክለው ተነሡ።

እታለማሁ ቤት ሲደርሱ፣ ቢሻው ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ቆሞ፣ ለሽምግልና የሚሉትን ረጅም መግቢያ ጀመሩ። ስለ ዘር አወሩ፣ ስለ አጥንት አወሩ፤ ገና ቅድመ አያቶቹ ዘንድ ሳሉ እታለማሁ በትከሻቸው ላይ አሻግራ አየች።

«አያ ቢሻው» አለች፣ «ከእንግዲህ በየት በኩል ነው የምትቀመጥ?»

ሰውዬው ቀና አለ።

«ፊት ለፊት» አለ።

መምሬ ክንዴ የቀረውን ንግግራቸውን ዋጥ አድርገው ብርሌያቸውን ተቀበሉ።